የሁለት ቀን ፕሬዚዳንት

አንድ ሰሞን በዶርማችን የማያልቅ ክርክር ነበር። «አገር እንደ ድርጅት ነው፤ ትርፍና ኪሳራ የሚያውቅ ሰው ይምራት!» የምንል በርከት እንል ነበር። የቬኔዝዌላውን ፔድሮ ካርሞናን ያወቅነው በዚህ ጭቅጭቅ መሐል ነው።

ካርሞና ኢኮኖሚስት ነው። ከፔትሮኬሚካል ኩባንያ ተነሥቶ ፌዴካማራስ የተባለው የአሠሪዎች ማኅበር መሪ ሆነ። ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝ በኅዳር 1994 ዓ.ም. የመሬቱና የነዳጁ ሕግ ያሉባቸውን 49 ሕጎች ባንድ ጊዜ ሲያወጣ ከበርቴው ተነሣ። ሚያዝያ 1 ቀን ማኅበሩ ከሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጋር አድማ ጠራ። አሠሪና ሠራተኛ ባንድ አድማ! ይኸን ስናነብ ተያየን። ሚያዝያ 3 ሰልፉ ወደ ሚራፍሎሬስ ቤተ መንግሥት ዞረ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ወደቀ። ሌሊቱን ጄኔራሎቹ ቻቬዝን ያዙት።

በማግስቱ ካርሞና እጁን አንሥቶ ራሱን በራሱ አማለ። አዋጁ ተነበበ፦ ብሔራዊ ምክር ቤቱ ፈረሰ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ተሻሩ፤ 49ኙ ሕጎች ተሰረዙ፤ «ቦሊቫራዊት» የሚለው ቃል እንኳ ካገሪቱ ስም ተፋቀ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በቤተ መንግሥቱ የነበሩ የአይርላንድ ፊልም ሠሪዎች ባወጡት ፊልም ያንን ጭብጨባ ደጋግመን አየነው። ሰዎቹ እኮ ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል። አንዱ ጓዳችን ግን፣ «ቆይ፣ ዳኞቹን ምን አደረጉት?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። አዋጅ በራዲዮ ሲነበብ የሰሙ ወላጆች ልጆች ነንና ድምፁ እንግዳ አልሆነብንም። አድማውን አብሮ የጠራው የሠራተኛ ማኅበርም ከሹመቱ ተረሳ።

ሚያዝያ 5 ድኃው ከካራካስ ኮረብታዎች ጎረፈ፤ የማራካዩ የፓራሹት ጦር አዛዥ ራውል ባዱዌል አሻፈረኝ አለ፤ የቤተ መንግሥቱ ዘብ ዞረ። ለሚያዝያ 6 አጥቢያ ቻቬዝ በሄሊኮፕተር ተመለሰ። ካርሞና በቤቱ ታሰረ፤ አመለጠና ኮሎምቢያ ጥገኝነት ሰጠችው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ «ድርጅት» ባዩ ወገን ዝም አለ፤ ሌላው ወገን ደግሞ አላስቀምጥ አለን። ለቻቬዝ ያጨበጨበው ብዙ ነው፤ እኛም አጨብጭበናል፣ አንዋሽም። ኋላ ቀጥለን ስናነብ ግን ሌላ ነገር አገኘን። በግንቦት 1996 የቻቬዝ ወገን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች በሕግ ከ20 ወደ 32 አሳደገ፤ አዲሶቹን ወንበሮች የሞላው የራሱ ደጋፊ ነበር። ያ ያዳነው ባዱዌልም ከቻቬዝ ተቃርኖ ታሰረ፤ በጥቅምት 2014 እስር ላይ እንዳለ ሞተ።

ይኸን ጮክ ብለን ስናነብለት፣ ስለ ዳኞቹ የጠየቀው ልጅ ብርድ ልብሱን ተከናነበና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።