በጠመኔ ያፈረስነው ቤት

ቅርስ ሲባል ሁላችንም አክሱምን፣ ላሊበላንና የፋሲልን ግንብ እንጠራለን። ከተማችን ሀዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች በመሆኗ «እዚህ ደግሞ ምን የሚጠበቅ አሮጌ ቤት አለ?» እንል ነበር። እንዲህ የምንለው ዕጩ መምህራን ግን አንድ ቤት በገዛ እጃችን አፍርሰናል። ያፈረስነውም በዶማ ሳይሆን በጠመኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ፣ በአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቤቶች ሳልን። ከቆርቆሮው ቤት ሥር «ጥሩ ቤት»፣ ከሲዳማው የቀርከሃ ቤት ሥር «መጥፎ ቤት» ብለን ጻፍን። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ብቻ አልሳቀም። «ቲቸር፣ የአያቴ ቤት እኮ ነው» አለና አንገቱን ደፋ። መልስ አጣን። ደወሉ ገላገለን።

ማታ ይህንኑ ስናወራ የኮንሶ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ተቆጣ። የኮንሶ የድንጋይ እርከኖችና በካብ የታጠሩ መንደሮች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ያቆየው ዘበኛ መሰላችሁ?» አለን። «ካቡ ሲናድ መልሶ የሚክበው የመንደሩ ሰው ነው። ሞራ የምንለው የጋራ ቤት ደግሞ ያላገቡ ወጣቶች ያድሩበታል፤ ሌሊት አደጋ ቢመጣ ቀድመው የሚነሱት እነሱ ናቸው። ቤቱ የቆየው ስለሚኖሩበት ነው።» ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔ ግን ይኸው እዚህ ነኝ። እኩዮቼም ለትምህርትና ለሥራ እየወጡ ነው። ነገ ድንጋዩን ማን ሊያነሳ ነው?» አለ። ማናችንም አልመለስንለትም።

በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ተመልሰን «መጥፎ» የሚለውን አጠፋን፤ ልጁንም አያቱ ቤቱን እንዴት እንደሠሩት ጠየቅነው። መጀመሪያ አፈረ። ኋላ ግን ተነስቶ ለጋ ቀርከሃ ቶሎ እንደሚነቅዝ፣ የበሰለው ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት እንደሚሸመን በእጁ እያሳየ አስረዳን። እኛም ማስታወሻ ያዝን። ጭስ ጤና እንደሚጎዳ አልካድንም፤ ለጭስ መፍትሔው ግን መስኮት ማውጣት እንጂ ቤቱን መናቅ አይደለም።

መመዝገብም ማጠርም ይጠቅማል። ይሁንና ሕዝብ የሚጠብቀው የሚኖርበትንና የማያፍርበትን ቤት ነው። ቤት መፍረስ የሚጀምረው በባለቤቱ ዓይን የተናቀ ዕለት ነው፤ ያን ንቀት ደግሞ እኛ መምህራን ልናስተምረው እንችላለን። በቅርቡ በየገጠሩ እንመደባለን። ስለዚህ ጓዶች፣ አሮጌ ቤት ባየን ቁጥር ከመፍረዳችን በፊት ልጆቹን «ማን ሠራው? እንዴት ሠራው?» ብለን እንጠይቅ።