ከጆንያው ሥር

ዛሬ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የማገለግለው ሆሳዕና ቢሆንም የአባቴ መሬት ያለው ሐደሮ አካባቢ ነው። ከጓሮው እንሰት ጋር አባቴ የተከላቸው የቡና ዛፎች አሉ፤ እሱ ወደ ጌታ ከሄደ በኋላ ለቀማውን የምከታተለው እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር የልጄ የኮሌጅ ክፍያ ደረሰ። ቡናው ግን ገና ግማሹ አረንጓዴ ነበር። የቀላውን ብቻ እየመረጡ ሦስትና አራት ጊዜ መመላለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌባም ያሰጋል። ስለዚህ ለቃሚዎቹን «ሸምጥጡት» አልኳቸው። ከዚያም በገዛ እጄ አረንጓዴውን ከታች፣ ቀዩን ከላይ አድርጌ ጆንያውን ሞላሁ።

የአካባቢው ገበሬዎች ማኅበር በዚያ ዓመት ቀይ እሸት በጥሩ ዋጋ ይገዛ ነበር። የሚፈልገው በደረቁ ለሚዘጋጅ ቡና ነው። የሚታጠበው ቡና ሥጋው ወዲያው ተፈልፍሎ ይወጣል። በደረቁ የሚዘጋጀው ግን ከነልጣጩ፣ ከነሥጋው አልጋ ላይ ስስ ሆኖ ይሰጣል። በቀን ደጋግሞ ይገላበጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታና ሌሊት ጤዛ ሲወርድ ይሸፈናል። እንደ አየሩ ሁኔታ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ይቆያል። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ጀንፈል ሆኖ ይነሣል። ያንን እንደ ፍራፍሬ የሚጣፍጥ ጣዕም የሚያገኘው ከሥጋው ጋር አብሮ በመሰንበቱ ነው። ስለዚህ ሥጋው ያልበሰለ ከሆነ የሚሰጠው ጣፋጭነት የለውም።

ሚዛኑ ጋ የቆመችው ወጣት በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኳት ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ከዚያም እንደ ማንኛውም ገበሬ ጆንያዬን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ከሥር የነበረው ከላይ ሆነ። ጥቂት ዝም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄን ልቀበል አልችልም። የእርስዎ ከሌላው ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የሚወጣው» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ ከምሳሌ 11፥1 ስለ እውነተኛ ሚዛን ሰብኬ ነበር። ስብከቱን ከሰሙት አንዳንዶቹ ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ ነበር።

አንዷ ባሏ የሞተባት እናት ናት። የእሷ እሸት አንድም አረንጓዴ አልነበረበትም። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ደርቆ ሲፈለፈል የሚተርፈው አንድ ኪሎ ያህል ቡና ነው፤ ድካሟን አስቡት። የእኔና የእሷ ፍሬ ቢቀላቀል ቀማሹ በሲኒው ውስጥ የሚያገኘው የእኔን ጥሬ ጣዕም ነው፤ ዋጋው ሲወርድ ግን የሚወርደው የሁላችንም ነው። ጥንቃቄው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ጎረቤቶቻችን አሳይተዋል። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ውድድር አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የመጣ፣ በደረቁ የተዘጋጀ ቡና ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከመራጮቹ ጋር ተቀምጬ ስለቅም ዋልኩ። ከግማሽ የሚበልጠውን መልሼ ወሰድኩ። ኮሌጁን የክፍያ ጊዜ እንዲያራዝምልኝ ለመንኩ፤ ለልጄም ምክንያቱን ነገርኳት። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። በሚቀጥለው እሑድ ያቺ ወጣት ከመዘምራኑ መካከል አልነበረችም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ጓደኞቿን ስጠይቅ «ፓስተርን በሰው ፊት አዋረድኩት ብላ ነው» አሉኝ። እኔ ኃጢአቴን ከአረንጓዴው ፍሬ ጋር ወደ ቤት የወሰድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ ተሸክማው ኖራለች።

ቤቷ ሄድኩ። በእናቷ ፊት «ልጄ፣ የበደልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ ይቅር በዪኝ» አልኳት። ይህን ለማለት ሦስት ሳምንት መዘግየቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። አለቀሰች። ከዚያም «ፓስተር፣ እኔ ያደረግኩት እኮ እርስዎ ያስተማሩንን ነው» አለችኝ። እናቷ ቡና አፈላች፤ ጸልየን ጠጣን።

ሉቃስ 12፥2ን ስንት ጊዜ አንብቤ ሰብኬበታለሁ! የተሸፈነው መገለጡን ሁልጊዜ እንደ ማስፈራሪያ ነበር የማየው። ያን ቀን ግን ጌታ ጆንያዬን ያስዘረገፈው ሊጥለኝ አልነበረም፤ አልጋው ላይ ገና መልቀም ይቻል ነበርና። የቀረ ነገር ቢኖር የእኔ መቀመጥና መልቀም ነው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ከጆንያችሁ ሥር ምን አለ? ደግሞስ፣ እውነቱን ስለነገራችሁ ከእናንተ የራቀ ሰው አለ? ካለ ዛሬውኑ ቤቱ ሂዱ፤ እንደ እኔ ሦስት ሳምንት አትጠብቁ።

ጌታ ይባርካችሁ።