አንዲት ታሪክ በ99 መልክ

ከፓሪስ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዤ አንጉሌም ገባሁ። ከጣቢያው ፊት ለፊት የቆመው ሐውልት የጦር ጀግና መታሰቢያ አይደለም፤ የአስቴሪክስ ደራሲ የሬኔ ጎሲኒ ነው። የመንገዶቹ ስም የተጻፈው የኮሚክስ ገጸ ባሕርያት በሚናገሩባት ጭራ ባላት ክብ ውስጥ ነው። የብዙ ቤቶች የጎን ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው የኮሚክስ ፌስቲቫል ከተማዋን እንዲህ አድርጎ ሠራት። እኔም ገና ከተማዋ የቆመችበትን ኮረብታ ወጥቼ ሳልጨርስ ወደድኳት።

ቁልቁል ወርጄ የሻራንትን ወንዝ ተሻገርሁ። ማዶ ባሉት አሮጌ መጋዘኖች ውስጥ የኮሚክስ ሙዚየም ተከፍቷል። የኮሚክስ ሠዓሊውን የማት ማደንን መጽሐፍ የገለጥኩት እዚያ ነው።

ታሪኩ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሰውየው ከኮምፒውተሩ ይነሣል፤ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ይመልሳል፤ ማቀዝቀዣውን ይከፍታል፤ ምን ሊያወጣ እንደመጣ ግን ጠፍቶበታል። ማደን ይህችን ኢምንት ታሪክ 99 ጊዜ ይስላታል፦ በሰውየው ዓይን፣ ፎቅ ላይ ባለው ሰው በኩል፣ ከማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በካርታ፣ በአንድ ክፈፍ፣ በሠላሳ ክፈፍ። ታሪኩ ያው ነው፤ ስሜቱ ግን በየገጹ ይለወጣል። ቆሜ አንብቤ ጨረስኩት።

መንገዱን የጠረገለት ፈረንሳዊው ደራሲ ሬሞን ኬኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 አንዲት ተራ የአውቶቡስ ገጠመኝ በ99 ስልት ጽፎ ነበር። በ1992 ደግሞ የፈረንሳይ ኮሚክስ ሠዓሊዎች ኡባፖ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። በራሳቸው ላይ ጥብቅ ሕግ ጥለው ይስላሉ፤ ሕጉም የማያውቁትን መንገድ ያሳያቸዋል። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህ ያለ አስረጂ ይገባዋል፤ ጉባኤ ቃና የተባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ሐሳብ አልጠበበውም።

አሜሪካዊው ማደን በ1990ዎቹ ራሱ እያባዛ በሚያሰራጫቸው ትንንሽ ኮሚክሶች ጀመረ፤ የኡባፖ የአሜሪካ ወኪልም ሆነ። መጽሐፉ በ2005 ወጣ። በኒው ዮርኩ ስኩል ኦፍ ቪዥዋል አርትስ አስተማረ፤ ከባለቤቱ ከሠዓሊዋ ጄሲካ ኤብል ጋር በ2008 በ15 ትምህርት የተከፈለ የኮሚክስ መማሪያ አሳተመ። በ2012 ሁለቱም የአንጉሌም የደራስያን ቤት እንግዳ ሆነው መጡ፤ ለዓመታትም ከተማዋ ውስጥ ኖሩ።

የማስተማር ሥራውን ከሥዕሉ መለየት አልቻልኩም። ያ መጽሐፍ ራሱ ክፍል ነው። የክፈፉን ቁጥር ስትቀንስ ጊዜ እንዴት እንደሚጨመቅ፣ የማያ ቦታ ሲለወጥ የሚታዘንለት ሰው እንዴት እንደሚለወጥ ሳይሰብክ ያሳያል። ታላቅ ታሪክ እስኪመጣልን የምንጠብቅ ሁሉ ከዚህ ሰው የምንማረው አለ፤ ዛሬ ጠዋት የደረሰብን ነገር ይበቃል፣ ደጋግሞ የሚያየው ዓይን ካገኘ።