ባለ ጥርሱ ሞላ

የእህቴ ልጅ ከአሥራ አንድ ዓመት የቨርጂኒያ ኑሮ በኋላ በ2002 ዓ.ም. ጠቅልሎ ሲመለስ አንዲት ባለ ሁለት በር ቀይ ቶዮታ ሴሊካ አስጭኖ ነበር። መኪናይቱ ከጅቡቲ እስክትደርስ ድረስ፣ አስቀድሞ በአውሮፕላን የላከው አንድ ከባድ ካርቶን ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ ሰነበተ። የልጅ ልጇን ዓይን ልታይ ከሽንዲ የመጣችው እናቴ አንድ ቀን ካርቶኑን ከፍታ አየችና «ምነው ይኸ ልጅ አሜሪካ ድረስ ሄዶ የወፍጮ ዕቃ ይዞ መጣ?» ስትል ጠየቀችኝ።

የወፍጮ ዕቃ አልነበረም፤ አራት ሞላ ነው። ሞላ የሚለውን ቃል ጋራዦቻችን የወረሱት ከጣሊያን ነው። ባሌስትራም፣ ካምቢዮም፣ ፍሪሲዮንም፣ ጎማም እንዲሁ። አምስት ዓመት ተቀምጦ የተባረረ ጠላት ይህን ያህል ቃል ጥሎልን መሄዱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለዚህኛው ዕቃ ግን ጣሊያኑም ስም አልተወልንም፤ ልጁ «ኮይሎቨር» ይለዋል። በብዙ የቤት መኪኖች ሞላው በሾክ አብዞርበሩ ዙሪያ ተጠምጥሞ ይቀመጣል። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፤ ሾኩ ደግሞ ሞላው አንዴ ከተረገጠ በኋላ እየዘለለ እንዳይቀር ይገታዋል። ሞላው የሚያርፍበት ሳህን ብየዳ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። በኮይሎቨር ግን የሾኩ አካል እንደ ቡሎን ጥርስ ወጥቶለት፣ ሞላውን የተሸከመው ቀለበት በጥርሱ ላይ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀለበቱ ሲወርድ መኪናው ዝቅ ይላል፤ ሲወጣ ይነሣል። ከአናቱ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ መዘውር አለች፤ ቀጭ ቀጭ እያለች ሾኩን ታጠብቃለች ወይም ታላላለች። የሠፈራችን መካኒኮች አይተው «ባለ ጥርሱ ሞላ» አሉት፤ ስሙም ጸደቀ።

ገጠማው ሁለት ቀን ፈጀ። ቅዳሜ ማለዳ ግቢዬ ውስጥ መኪናይቱን በክሪክ አንሥተን በድጋፍ ላይ አስቀመጥናትና ጎማዎቿን ፈታን። የእኔ ሥራ «አሥራ አራት ቁልፍ!» ሲለኝ አሥራ ሰባት ማቀበል ነበር። ከላይ ሦስት ዳዶ፣ ከታች ሁለት ወፋፍራም ቡሎን፣ በመካከሉ የፍሬኑን ቱቦ የያዘች አንዲት ትንሽ ቡሎን፤ ነገሩ ይኸው ነው። የአሮጌውን ሞላ የአናት ዳዶ እንዳልነካ ግን ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ተጨምቆ የታሰረ ሞላ ከእስሩ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። ዝገት ባይኖር ኖሮ በዚያው ቀን በጨረስን፤ የኋላው ግራ ቡሎን ናፍጣ ሲጠጣ አድሮ በማግሥቱ ነው የተፈታው።

እሑድ ማታ መኪናይቱ መሬት ስትረግጥ ከቀድሞ ቁመቷ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ነበር። ከአዲሱ ሞላ ላይ 8 ቁጥር ተጽፎበታል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 8 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። ፋብሪካው ከገጠመላት ከእጥፍ በላይ የጠነከረ ነው። በኩርባ ላይ አልዘነብል አለች፤ የሠፈሩ ልጆች ከኋላዋ ሮጡ። እኔ ግን አንድ ጊዜ ከጎኑ ተቀምጬ እስከ ሜክሲኮ ስሄድ ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ፍጥነት መቀነሻው ሁሉ ሆዷን እየፋቀ አሳለፈን። «ስፖርት መኪና እንዲህ ነው ጋሼ» አለኝ። አሮጌዎቹን ሰኞ ዕለት በበር ላይ ላለፈው ቆራሌው ሸጣቸው። በስንት እንደ ሸጣቸው አልናገርም፤ ልጁ ያፍርብኛል።

በጥቅምት 2003 ዓ.ም. እናቴ ግቢው ውስጥ አዳልጧት ወደቀች። የአጥንት ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ አሳየን። ከወገቧ አጥንቶች አንዱ እንደ ተረገጠ ጣሳ ሆኗል። በእርጅና የሳሳ አጥንት ነውና ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም ተባለ። ዕረፍት፣ መቀነት መሳይ ማሰሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገጫገጭ የሚባል ነገር እንዳይደርስባት።

የካቲት ላይ ግን የአባቴ ሰባተኛ ዓመት ነው፤ ተዝካሩም የሚወጣው ሽንዲ ነው። እናቴ ከገና ጀምራ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «እኔ ሳልኖር ማን ሊያበላለት ነው?» ማታ ማታ ጌሾና ብቅሉን በጣቷ ትቆጥራለች። ሐኪሙ ተለምኖ ተለምኖ «አውቶቡስ አይታሰብም» ብሎ ፈቀደ። እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን መሄድ ይቻል ነበር። ሆኖም ከዚያ ወደ ቡሬ ተመልሶ ወደ ሽንዲ የሚታጠፈው ጠጠር መንገድ አይቀርም፤ የፈራነውም እርሱን ነው። የወዳጄን ፒክአፕ ብንዋስስ አልሁ። ልጁ አልተቀበለኝም። ባሌስትራ የሚለሰልሰው ጭነት ሲያገኝ ነው፤ አርባ አምስት ኪሎ አሮጊት አታጎብጠውም። «እኔ እወስዳታለሁ» አለ። ሳቅሁበት፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

መጀመሪያ ያሰበው አሮጌዎቹን ሞላዎች መልሶ መግጠም ነበር። ቆራሌውን አፈላልገን፣ እግዜር ይስጠውና፣ ያስረከበበትን ቦታ አስታወሰልን፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ተርፎ አገኘነው። የቀሩት ተቆርጠው፣ በእሳት ተቃንተው መሮ ሆነዋል። አንዱን መሮ ገዛሁት፤ እስከ ዛሬም ቤቴ አለ፤ ደኅና ይቆርጣል።

ስለዚህ ከባለ ጥርሱ ጋር መፋጠጥ የግድ ሆነ። ልጁ መንጠቆ መሳዩን ቁልፍ ይዞ ሥር ገባና ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ አዞረ፤ መኪናይቱ 7 ሳንቲ ሜትር ተነሣች። ቁመቷ ሲያዩት አስቂኝ ነበር። ይሁንና ሴሊካ ለአፍሪካ አፈር ባዳ አይደለችም። በኬንያ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1986 በተከታታይ አሸንፋለች። ያሸነፉትም እንደ እርሱዋ መሬት የሚልሱት ሳይሆኑ ከፍ ብለው የቆሙት ነበሩ። ይህን የነገረኝ እርሱ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ ግን ፊቱን ወደ ጎማው አዙሮ ነበር።

ልስላሴን በምን እንለካው? እኔ ሳፋ አመጣሁ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውኃ ሞልተን እናቴ ልትቀመጥበት ካሰብነው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥንና በሠፈራችን ኮብልስቶን ላይ ነዳነው። በመጀመሪያው ዙር ግማሹ ወንበሩ ላይ ፈሰሰ። መዘውሩን እስከ መጨረሻው አላላነው፤ የመጀመሪያው ምት ለዘበ፤ ነገር ግን መኪናይቱ ሦስት አራት ጊዜ እየዘለለች ውኃውን ቀስ በቀስ ጨረሰችው። ጠንካራ ሞላ ልጓም ሲያጣ እንዲህ ነው። ከዚያ አንድ ቀጭታ፣ እንደገና አንድ ቀጭታ እያጠበቅን ሞከርን። ከልቅቱ አራት ቀጭታ ላይ ስንደርስ ሳፋው ከሞላ ጎደል እንደ ሞላ ተመለሰ። እናቴ በመስኮት ሆና ታየን ነበር። ጎልማሳና ጎረምሳ በሌሊት ለውኃ መኪና ሲነዱ አይታ ምን እንዳለች ባልጽፈው ይሻላል።

ጉዞውን የጀመርነው የካቲት 9 ቀን ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝተን፣ ከሥሯ ብርድ ልብስ አጥፈን አነጠፍንላት፤ እኔ ከኋላ ተጣጥፌ ተቀመጥሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወረድ አስፋልቱ ተጨማዶ ነበር፤ ገደሉ ራሱ ስለሚንሸራተት መንገዱን እንደ ልብስ ያጥፈዋል። እርሷ ዓይኗን ጨፍና ውዳሴዋን ትደግማለች። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ዓይኗን ገልጣ «አሮጌውስ?» ብላ ጠየቀች፤ ከጎኑ መቆሙን ስታይ ተመልሳ ጨፈነች። ደብረ ማርቆስ አደርን። በማግሥቱ ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፈን ቡሬ እስክንገባ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አላቃሰተችም። ልጁ ያፏጭ ጀመር።

ፉጨቱ የቆየው ቡሬን ለቅቀን ጠጠሩን እስክንይዝ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች በአንዱ የፊት ጎማችን ሲገባ ከሥር «ቋ!» የሚል የብረት ድምፅ ተሰማ፤ እናቴም ጮኸች። እናቴን ስትጮኽ የሰማኋት አባቴ የሞተ ዕለት ነው። ልጁ መኪናውን አቆመ፤ እጁ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ በሰው እርምጃ ሄድን፤ ያው «ቋ» አለ። ወደ ቡሬ ተመለስን።

ከገበያው ወዲህ የአይሱዙ ባሌስትራ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘን። ባለቤታቸው እናቴን ደግፈው ወደ ቤት አስገብተው አስተኟትና ቡና አፈሉ። እርሳቸው መኪናይቱን ዞረው አይተው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «እስቲ በክሪክ አንሡልኝ» አሉ። አካሏ ሲነሣ ጎማው አንድ ጣት ያህል እንኳ ሳይወርድ አብሮ ተነሣ። «አያችሁ? ይኸ እግሩን አስቀድሞ ዘርግቶ ጨርሷል። ጉድጓድ ሲመጣበት በምኑ ይወርዳል?»

ልጁ ፊቱ ቀላ። ቀለበቱን ወደ ላይ በማዞር ቁመት ሲጨምር፣ ሾኩን ጫፍ ድረስ አስረዝሞት ኖሯል። ሞላው ያው ነው፤ ያለቀው ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ነው። በዚያ ዕቃ ላይ ሌላ መንገድ ነበር፤ ከታች ያለውን ማያያዣ በጥርሱ ላይ ፈትቶ አካሉን ራሱን ማስረዘም። እንዲህ ሲደረግ መኪናው ይነሣል፣ ሾኩ ግን የሚዘረጋበት አያጣም። «መመሪያው ላይ አንብቤው ነበር ጋሼ» አለኝ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያደባለቀ፤ «ጎማ ሁሉ መፍታት ስለነበረበት ቀላሉን መረጥሁ።» የሳፋ ፈተናችን ኮብልስቶን ላይ እንጂ ጉድጓድ ላይ አልነበረምና አላጋለጠውም። እኔም ብሆን ያመጣሁት ሳፋ እንጂ ጉድጓድ አይደለም።

አራቱንም ጎማ ፈታን። ቀለበቶቹ ወረዱ፤ ሞላዎቹ ሳይጨነቁ ቦታቸውን ብቻ ያዙ። አካላቶቹ ከታች ረዘሙ፤ ጥርሱ በቂ ጥልቀት እንዲነክስ ሽማግሌው በክብሪት እንጨት እየለኩ አስቀሩልን። ሲያልቅ ጎማው ሦስት ጣት ተኩል ወረደ። መኪና ከፍና ዝቅ ሲል የጎማው አቅጣጫ ይዛባልና ሲባጎ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጥረው አቃኑት። ሥራው ወደ አራት ሰዓት ወሰደ። የጠየቁት ሂሳብ ትንሽ ነበር፤ ይልቅስ ባለ ጥርሱን እንዲሸጥላቸው ደጋግመው ለመኑት።

አመሻሽ ላይ ተነሣን። የወምበርማ በርበሬ የጫኑ አህዮች ከፊታችን ነበሩና እንደ እነርሱ ፍጥነት ተጓዝን። ጉድጓዱ እየመጣ ጎማው ገብቶ ይወጣል፤ ከሥር ድምፅ የለም። እኔ ዓይኔ ከእናቴ እጅ ላይ አልተነሣም፤ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጣቶቿ ተፈቱ። እንቅልፍ ወስዷታል። ሽንዲ ስንገባ ጨልሟል፤ ደጃፉ ላይ የቆሙት ሴቶች እልል ሲሉ ነው የነቃችው። በማግሥቱ ድግሱን ወንበር ላይ ተቀምጣ አዘዘች፤ ጠላው ቀጥኗል ብላም ተቆጣች።

ስንመለስ እናቴ አብራን አልመጣችም፤ ከቤቴ አልወጣም አለች። ልጁ ባዶዋን መኪና በፍጥነት ሲነዳት በየኩርባው ትዘነብልበት ነበርና እስከ ደብረ ማርቆስ አጉረመረመ።

«አጥብቃታ፤ መዘውሩ አናቷ ላይ ነው» አልሁት።

«እሷን ልናመጣት ስንመለስስ?»

እናቴ በ2006 ዓ.ም. ሽንዲ ላይ ዐረፈች፤ አዲስ አበባን ዳግመኛ አላየችም። ልጁ ሴሊካዋን የሸጣት በዓመቱ ነው። የገዛት ጎረምሳ ወዲያው ዝቅ ሊያደርጋት ቀለበቶቹን ቢታገል፣ ቢታገል እምቢ አሉት። የቡሬው ጭቃና ዝገት ከጥርሱ ጋር አጣብቋቸው ኖሯል። ስልክ ደውሎ ምን እንደሚሻል ቢጠይቀው፣ ልጁ ናፍጣ አጠጥተህ አሳድረው አለው።