«ጃምፐር» ብዬ የተሳቀብኝ ቀን



ባለፈው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቲቸር ምን እንደለበስኩ ጠየቁኝ። ሹራቤን እያሳየሁ «ጃምፐር» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱማ «ጃምፕ መዝለል ነው!» እያለ ዘለለ። ወዲያው ተደወለ። ከዚያ በኋላ እጄን ማውጣት ተውኩ።

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ላይብረሪ ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ለካስ ቃሉ አለ! እንግሊዞች «ጃምፐር» የሚሉትን አሜሪካኖች «ስዌተር» ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ «ጃምፐር» ከሸሚዝ በላይ የሚለበስ፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ነው። በጭንቅላት የሚጠለቀው ሹራብ «ፑልኦቨር»፣ ፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋው ደግሞ «ካርዲጋን» ነው። «ጀርሲ» ሹራብም የኳስ ማሊያም ይሆናል። እኛ ሁሉንም «ሹራብ» ብለን እንገላገላለን።

በጣም ደስ ብሎኝ ሹራቤን ሳየው ግን ቁልፍ አለው! ካርዲጋን ነበር ማለት ነው። እነሱም ተሳስተዋል፣ እኔም ተሳስቻለሁ።

በማግስቱ ፈራ ተባ እያልኩ እጄን አወጣሁ። ሁሉንም፣ የራሴንም ስህተት ጭምር አስረዳሁ። ቲቸር አስጨበጨቡልኝ። የዘለለው ልጅም «የኔስ ምን ይባላል?» ብሎ ሹራቡን አሳየኝ።

ጓደኞቼ፣ ሰው ሲሳሳት ከመሳቃችን በፊት መዝገበ ቃላት እንግለጥ። የተሳቀበት ልጅ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ደግሞ አይማርም።

ቸር ይግጠመን!
ከ7ኛ ክፍል