ብርድ የሚነፍስበት መንገድ

ሎንዶን የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው የታወቀ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን፥ የፓርላማውን ሰዓት፥ ሙዚየሙን። እርስዎ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚተርፍዎ ከሆነ ከሎንዶን ብሪጅ ባቡር ይሳፈሩና በሚቀጥለው ጣቢያ፥ በሳውዝ በርመንድሲ ይውረዱ። ጉዞው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በሐዲድ ድልድዮች ሥር እያቋረጡ ሲሄዱ ኮልድ ብሎው ሌን ከሚባል መንገድ ይደርሳሉ። ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ብርድ የሚነፍስበት መንገድ» እንደ ማለት ነው። የሚጐበኝ ሐውልት የለበትም። ነገር ግን ከ1910 እስከ 1993 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) የሚልዎል እግር ኳስ ክለብ ሜዳ የነበረው እዚህ ነው። ሜዳው «ዘ ዴን»፥ ማለት የአንበሳው ዋሻ ይባል ነበር። ዛሬ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውበታል፤ አዲሱ ሜዳ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ ይገኛል።

ሚልዎል የሚለው ስም ራሱ የዚህ ሰፈር አይደለም። ክለቡን በ1885 ያቋቋሙት ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ባለ የታሸገ ምግብና የማርማላታ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በ1910 ወንዙን ተሻግረው ሲመጡ ስሙን ይዘው መጡ። ተመልካቹም በአብዛኛው የወደብ ሠራተኛ ነበር፤ ማጨብጨብም መሳደብም ያውቅበታል። ከ1964 እስከ 1967 መጀመሪያ ድረስ 59 የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ ሲደረጉ በዚህ ሜዳ ሚልዎልን ያሸነፈ አልነበረም።

እዚህ ያመጣሁዎ ግን ስለ አንድ አየርላንዳዊ ልጅ ላጫውትዎ ብዬ ነው። ኤመን ደንፊ በ1945 በደብሊን ከተማ ድራምኮንድራ በተባለው ሰፈር ተወለደ። ቤተሰቡ የሚኖረው የኤሌክትሪክ መብራትና ሙቅ ውሃ በሌለው በአንድ ክፍል ቤት ነበር። በዚያ ዘመን የአገሬውን ባህላዊ ጨዋታ የሚመራው ማኅበር እግር ኳስን የባዕድ ጨዋታ ነው ብሎ አባሎቹን ይከለክል ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1971 ነው። የደብሊን ልጆች ግን ዓይናቸው ከባሕር ማዶ ነበር። በ1958 በሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ ከሞቱት 8 የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋቾች አንዱ ሊያም ዊላን የደብሊን ልጅ ነው። ደንፊም በ1960፥ በ15 ዓመቱ፥ ወደዚያው ክለብ ሄደ።

አምስት ዓመት ቆየ፤ ለዋናው ቡድን ግን አንድም ጊዜ ሳይሰለፍ በ1965 ወደ ዮርክ ሲቲ ተሸጠ። እኔ አስተማሪ ነኝና በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የሄደ ልጅ ነገር ያሳስበኛል። ከእርሱ ጋር ከሄዱት ብዙዎቹ ስማቸውን የሚያነሣ የለም። የተጫዋች ደመወዝ እስከ 1961 መጀመሪያ ድረስ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። እስከ 1963 የፍርድ ቤት ውሳኔ ድረስም ውሉ ያለቀበትን ተጫዋች ክለቡ ካልለቀቀው ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ዝውውር ጠይቆ መልስ የጠበቀ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በ1966 ወደዚህ ወደ ኮልድ ብሎው ሌን መጣና ስምንት ዓመት ያህል ተጫወተ። በሚያዝያ 1972 ሚልዎል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ለመግባት ተቃርቦ ነበር። በሜዳው የመጨረሻውን ጨዋታ ሲጫወት ተፎካካሪው በርሚንግሃም እየተሸነፈ ነው የሚል ወሬ በተመልካቹ መካከል ተነዛ፤ ሕዝቡም በደስታ ሜዳውን ሞላው። ወሬው ሐሰት ነበር። በርሚንግሃም በአንድ ነጥብ በልጦ አለፈ፤ ሚልዎል ቀረ።

በ1973 የውድድሩ ዘመን ሲከፈት ደንፊ የየዕለት ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። ያሰበው ቡድኑ ወደ ላይ የሚወጣበትን ዓመት ለመመዝገብ ነበር። ነገሩ ግን ተገለበጠ፤ ቡድኑ ተዳከመ፥ እርሱም ከአሰላለፍ ወጣ፥ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ጐረቤቱ ወደ ቻርልተን ሄደ። ማስታወሻው በ1976 «ጨዋታ ብቻ ነውን?» በሚል ርእስ ታተመ። የተጫዋች መጽሐፍ እንደ ልማዱ ስለ ጐልና ስለ ዋንጫ የሚያወራ ነው። ይህ ግን ከአሰላለፍ የወጣ ሰው የገዛ ጓደኞቹ እንዲሸነፉ በልቡ እንደሚመኝ ሳያፍር ይናገራል። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደነገጥሁ፥ ቀጥሎም የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ትዝ አለኝ።

በ1977 አገሩ ገባ፤ ጥቂት ተጫውቶም ጋዜጠኛ ሆነ። በ1991 ስለ ቀድሞ አሠልጣኙ ስለ ማት በዝቢ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ምላሱ ግን ሰላም አልሰጠውም። በ1990 የዓለም ዋንጫ አየርላንድ ከግብጽ ጋር ያለ ግብ ስትለያይ በቴሌቪዥን ፊት ብዕሩን ወረወረ፤ አገሩም በቁጣ ተነሣበት።

መጽሐፉን ይዘው ቢመጡ ከመንገዱ ላይ ይልቅ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተራምደው ግሪንላንድ ዶክ ዳር ቢያነቡት ይሻላል። የሰሬይ ወደብ የተዘጋው በ1970፥ ደንፊ ገና እዚህ ሲጫወት ነው። አብዛኛው ውሃ ተደፍኖ ቤት ተሠርቶበታል፤ ይህ አንዱ ግን ውሃውን እንደ ያዘ አለ፤ የዕቃ መርከቦች በቆሙበትም ዛሬ ትናንሽ ጀልባዎች ታስረዋል።