ዘመናቸው ያልተጻፈ ጠማቂዎች

በአዲስ አበባ ስለ ጠመቃ ሲወሳ ቀድሞ የሚነሣው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነው። ይገባዋልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ተመሠረተ፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሀብት ሆነ፤ በ1998 ደግሞ የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው። የልደቱ ዘመን የታወቀ፣ ባለቤቶቹም በየጊዜው በመዝገብ የሰፈሩ ናቸው።

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህች ከተማ ከፋብሪካው በፊትም ጠማቂዎች ነበሯት። ፋብሪካቸው ጓዳቸው፣ ማስታወቂያቸው ደጃፍ ላይ በተተከለ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ፣ የንግድ ስማቸውም የባለቤቲቱ ስም ነበር። «እትዬ እገሊት ቤት» ከተባለ ሌላ አድራሻ አያስፈልግም።

ያሳደጉኝ አያቴ ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። ቤታቸው ካሳንቺስ ነበር፤ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ስሙን በወረሰው ሰፈር።

ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይከተላል፤ ቀጥሎም ቂጣው ተቆራርሶ፣ እንኩሮው ተነኩሮ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ሰንብቶ በውኃ ይሞላል፤ አፉም ይከደናል። አያቴ መስፈሪያ አልነበራቸውም። ጆሯቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው የፍላቱን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ «ገና ነው» ካሉ ገና ነው። ዛሬ ስንኝ ስቋጥር ቃል እስኪበስል መታገሥን የተማርሁት ከዚያ ይመስለኛል።

ዱቤው በግድግዳው ላይ በከሰል ይሰመራል፤ ለአንድ ጣሳ አንድ መስመር። የከፈለ ይደመሰስለታል። ፊደል ያልቆጠሩት አያቴ የትኛው መስመር የማን እንደ ሆነ ስተው አያውቁም። የእኔ ደብተር፣ የደንብ ልብሴ፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲ ስንቄ ከዚያ ግድግዳ የወጣ ነው።

ዛሬ በአንድ ባንክ የብድር ክፍል እሠራለሁ። አልፎ አልፎ ልብሳቸው የወይራ ጭስ የሚሸት እናቶች ይመጣሉ። ቅጹ ድርጅቱ የተቋቋመበትን ዘመን ይጠይቃል፤ የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መያዣ ይጠይቃል። አርባ ዓመት ሙሉ የጠመቁ እናት ባዶ መስመሮቹን እያዩ ዝም ይላሉ። ልጆች ያሳደገ ሙያ በወረቀቱ ላይ መግቢያ የለውም።

በ2017 ዓ.ም. የካሳንቺስ ነባር መንደር በመልሶ ማልማት ሲፈርስ የአያቴም ቤት አብሮ ፈረሰ። እርሳቸው ቀድመው አርፈዋል። ጎረቤቱ ግን ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ተበተነ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋን ማጠን አይሆንም፤ ጭሱ ባለ አራተኛ ፎቁን ያስነጥሳል። እናቴ እንኳ ዛሬ የምትጠምቀው ለፋሲካ ብቻ ነው፤ እርሱንም በፕላስቲክ በርሜል። ከእርሷ በኋላ በቤታችን የሚጠምቅ የለም።

ፋብሪካ ቢሸጥ ስሙ አይጠፋም፤ ገዢው ከነስሙ ይረከበዋልና። የእትዬ እገሊት ቤት ግን ተረካቢ የለውም። ስሙ የሚኖረው ከዚያ ጣሳ የቀመሰ ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ፣ ወዳጆቼ፣ በየሰፈራችሁ የነበሩትን የጠማቂ እናቶች ስም ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉት። ዘመናቸው ባይገኝ እንኳ ስማቸው ይትረፍ።